የሰው አንጎል ከፍቶ ከባለቤቱ ጋር እያወራ ያከመው ሐኪም፦ የዊልደር ፔንፊልድ ሕይወት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ቦታው ሞንትሪያል፣ ካናዳ ነው። ጊዜው የዛሬ 80 እና 90 ዓመት ገደማ። አንድ ሕመምተኛ የቀዶ ጥገና አልጋ ላይ በጎኑ ጋደም ብሏል። የራስ ቅሉ ተከፍቷል፤ አንጎሉ ወለል ብሎ ይታያል። የሚገርመው ግን ሰውየው እንቅልፍ አልወሰደውም። ነቅቷል፣ ይሰማል፣ ይመልሳል። ሐኪሙ በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አንጎሉን ነካ ያደርግና የተሰማውን ይጠይቀዋል። አንዷን ቦታ ሲነካ የሰውየው አውራ ጣት ብድግ ይላል። ሌላዋን ሲነካ ከንፈሩን ይነዝረዋል። ሌላዋን ሲነካ ደግሞ የጀመረው ወሬ አፉ ላይ ይቆማል፤ ቃል ይጠፋዋል።

ሐኪሙ ዊልደር ፔንፊልድ ይባላል። በነካው ቦታ ሁሉ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ወረቀት እያስቀመጠ የሚቆረጠውንና የማይቆረጠውን ይለያል። የሚያክመው የሚጥል በሽታን ነው።

ይህን ሰው የመረጥነው በምክንያት ነው። መርካቶ ውሎ የሚያድር ሰው የሚጥል በሽታን በደንብ ያውቀዋል። አንጋፋው የአእምሮ ሆስፒታላችን አማኑኤል ያለው እዚሁ አዲስ ከተማ ውስጥ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ካርድ ይዘው ሲመላለሱ የኖሩትም እዚያ ነው። አማኑኤል በር ላይ የታየ ልጅ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሌላ ስም እንደሚወጣለት ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላም ምክንያት አለን። መርካቶ በማስታወስ የሚኖር ገበያ ነው። ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት፣ የትኛው ሸቀጥ በየትኛው መጋዘን እንደተቀመጠ፣ ትናንት በስንት እንደወጣ ደብተር ሳይገልጥ የሚናገር ነጋዴ ሞልቷል። እንግዲህ ለዚህ ነጋዴ አንድ ሐኪም መጥቶ ከሚጥለው ሕመም ሊገላግለው እንደሚችል፣ ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ ሊያቅተው እንደሚችል ቢነግረው ምን ይመርጣል? የፔንፊልድ ሕይወት እዚህ ከባድ ጥያቄ ውስጥ ያለፈ ሕይወት ነው።

እናትና ልጅ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፔንፊልድ የተወለደው ጃንዋሪ 26 ቀን 1891 አሜሪካ ውስጥ፣ ስፖኬን በምትባል ከተማ ነው። እኛ ጋ የአድዋ ጦርነት ሊደረግ 5 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። አባቱም ሐኪም ነበር፤ ግን ሥራው አልሆነለትም፣ ገበያው ከሰረ። ልጁ 8 ዓመት ሲሆነው እናቱ ጂን ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ከተማ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ወዳለችው ሃድሰን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት።

እናትየው ብርቱ ሴት ነበረች። ልጇ 13 ዓመት ሲሆነው የሮድስ ስኮላርሺፕ ስለሚባል ነገር አነበበች። በትምህርቱም በስፖርቱም ጎበዝ የሆነ ወጣት እንግሊዝ ሀገር፣ ኦክስፎርድ ሄዶ በነፃ ይማራል የሚል ነው። በቃ፣ የቤቱ ዕቅድ ይሄ ሆነ። ልጁ በአንድ በኩል ያጠናል፣ በሌላ በኩል ሰውነቱን ይገነባል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ ወጣ፤ በ1913 ተመረቀ። የአባቱን ዕጣ አይቶ ስለነበር ሕክምናን ላለመማር ወስኖ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ሐሳቡ ተቀየረ። ስኮላርሺፑንም አገኘ።

ኦክስፎርድ ውስጥ የገጠሙት ሁለት አስተማሪዎች ሕይወቱን ወሰኑት። አንዱ የነርቭን አሠራር ያጠና የነበረውና በኋላ በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። ሌላው በዘመኑ በሕክምናው ዓለም እጅግ የተከበረው ዊልያም ኦስለር ነው። ፔንፊልድ ገና ያልተነካ አህጉር ያየው በሼሪንግተን ላቦራቶሪ ነው። አህጉሩ የሰው አንጎል ነበር።

ያኔ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነው። ማርች 1916 ፔንፊልድ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ውስጥ ሊያገለግል ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር የተሳፈረባት ሰሴክስ የምትባል መርከብ በጀርመን ቶርፒዶ ተመታች። እግሩ ክፉኛ ተጎዳ። አሜሪካ ውስጥ ሞተ ተብሎ ጋዜጣ ላይ እስከመውጣት ደርሶ ነበር። እሱ ግን ኦስለር ቤት ተኝቶ እያገገመ ነው። ከሞት የተረፈው አንድ ነገር እንዲሠራ እንደሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ አመነ። በ1918 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሔለን ከርሞት የምትባል ልጅ አግብቷል፤ 4 ልጆች ወልደዋል።

ጠባሳው የሚያስነሳው እሳት

እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበልና ስለ በሽታው እናውራ።

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ጤነኛ አንጎል ውስጥ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ግን የሆነ ቦታ ያሉ ሴሎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። መርካቶ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ከአንድ ሱቅ ይነሳና ወደ ጎረቤት ይዛመታል። አንጎል ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ጠባሳ፣ አንድ ዕጢ፣ በልጅነት የደረሰ አንድ የጭንቅላት ጉዳት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ፔንፊልድ ሊያውቅ የፈለገው ይህን ነበር፦ አንጎል ሲቆስል ጠባሳው እንዴት ይሠራል? እሳቱስ ለምን ከዚያ ይነሳል? ለዚህ ብሎ በ1924 ስፔን፣ ማድሪድ ድረስ ሄዶ የአንጎል ሴሎችን በብር ንጥረ ነገር ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ የማየትን ዘዴ ተማረ። በ1928 ደግሞ ጀርመን፣ ብሬስላው የሚሠራው ኦትፍሪድ ፎርስተር ጋ ሄደ። ፎርስተር በጦርነቱ ጭንቅላታቸውን የተመቱና ከዚያ ወዲህ የሚጥላቸውን ወታደሮች ያክም ነበር። ሕመምተኛውን አያስተኛም፤ የራስ ቆዳውን ብቻ ያደነዝዛል። አንጎል ራሱ ሲነካ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ሰውየው ነቅቶ እያለ አንጎሉን በኤሌክትሪክ እየነካ ጠባሳውን ፈልጎ ያወጣል።

ፔንፊልድ ዘዴውን ይዞ በዚያው ዓመት ሞንትሪያል ገባ። ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው።

እህቱ ሩት

ገና ከመግባቱ ከባድ ፈተና ገጠመው። እህቱ ሩት ከልጅነቷ ጀምሮ ሕመሙ አልፎ አልፎ ይነሳባት ነበር። አሁን ግን ባሰባት። ሲመረመር አንጎሏ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ማን ይቅደዳት? እሱ ራሱ ቀደዳት፤ ዲሴምበር 1928።

ከአንጎሏ የፊት ለፊት ክፍል በስተቀኝ ብዙውን አወጣ። ግን ዕጢውን በሙሉ ሊያወጣው አልቻለም። ሩት አገግማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ ላያት ሰው ደህና ናት። ከዓመት በላይ ቆይቶ ወንድሟ ሊጠይቃት ሲመጣ እራት ልትሠራለት ተነሳች። ከእሱ ሌላ 4 የቤት ሰው ነበር። ለእድሜ ልኳ የሠራችው እራት ነው። ሰዓት አለፈ፤ ምግቦቹ ምድጃው ላይ ተጥደዋል፣ አንዱም ግን አልደረሰም፤ እሷ ጨንቋት ግራ ገብቷት ቆማለች። ሙያው አልጠፋባትም። የጠፋባት የቱ ቀድሞ የቱ ይከተላል የሚለው ነው።

ፔንፊልድ ይህን አልደበቀውም። በ1935 በሳይንስ ጽሑፍ አወጣው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲወጣ ሰው ጤነኛ መስሎ ምን ሊያጣ እንደሚችል በገዛ እህቱ አየ። ሩት ዕጢው ተመልሶባት በ1931 አረፈች።

ካርታው

ከእህቱ በኋላ ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ተተከለ። የቀዶ ሐኪሙ፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ ተመራማሪው ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ተቋም መመሥረት አለበት አለ። የሮክፌለር ፋውንዴሽን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠው፤ በ1934 የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እሱም በዚያው ዓመት ካናዳዊ ዜግነት ወሰደ።

በ1937 ከባልደረባው ኤድዊን ቦልድሬይ ጋር 163 ቀዶ ጥገናዎችን መሠረት አድርጎ የአንጎልን ካርታ አወጣ። ጣሊያን የአራዳን ገበያ አንስቶ አሁን መርካቶ የምንለው ቦታ ላይ ይተክል በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ካርታው ላይ እጅና ከንፈር ግዙፍ፣ ጀርባና እግር ደግሞ ትንንሽ ሆነው የተሳለ የሚያስቅ ሰው አለ። ሆሙንኩለስ ይባላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንጎላችን ለእጅና ለአፍ የሰጠው ቦታ ለጀርባ ከሰጠው እጅግ ይበልጣል። ዛሬም ሕክምና የሚማር ሁሉ ይህን ስዕል ሳያይ አይመረቅም።

ኸርበርት ጃስፐር የተባለ ሳይንቲስት ደግሞ ኢኢጂ ይዞ መጣ። ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎልን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ሁለቱ አብረው ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ማደን ጀመሩ። ብዙ ጊዜ መነሻው ከጆሮ በላይ ያለው ክፍል፣ ቴምፖራል ሎብ የሚባለው ነበር።

እዚያ ቦታ ላይ ሽቦው ሲነካ ጉድ ተፈጠረ። አንዳንድ ሕመምተኛ ያለፈ ሕይወቱን እንደገና የሚኖር መሰለው። አንዷ ሴት ኦርኬስትራ ሲጫወት ሰማች፤ ሽቦው በተነካ ቁጥር ዘፈኑ ይመጣል፣ ሽቦው ሲነሳ ይቆማል። ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው ግራሞፎን የከፈተ መስሏት ነበር። ፔንፊልድ የኖርነው ሁሉ እንደ ቴፕ ተቀድቶ አንጎል ውስጥ ተቀምጧል ብሎ አመነ።

ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዚህ አልተስማሙም። ራሱ ፔንፊልድ በ1963 ባወጣው ቁጥር እንኳ ቴምፖራል ሎባቸው ከተነካ 520 ሕመምተኞች እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸው 40ዎቹ ብቻ ናቸው። ያዩትም ትክክለኛ ትዝታ ይሁን ሕልም መሰል ነገር ማረጋገጥ አልተቻለም። ትዝታ እንደ ቴፕ ተቀድቶ እንደማይቀመጥ ዛሬ እናውቃለን።

የተሳሳተው ሒሳብ

ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ቴምፖራል ሎብ ውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ቅርጹ የባሕር ፈረስ ስለሚመስል ነው ይህ ስም የተሰጠው። በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለን። ያኔ ጥቅሙ በደንብ አይታወቅም ነበር። የሚጥለው ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ይነሳል። ስለዚህ ፔንፊልድ የታመመውን ጎን ሲያወጣ ሂፖካምፐሱንም አብሮ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። አብዛኞቹ ሕመምተኞች ደህና ሆኑ። ሌላኛው ጎን ሥራውን ይሸፍናል።

ሁለት ሰዎች ላይ ግን ያልታሰበ ነገር ደረሰ። አንዱ መሐንዲስ ነው፤ በሳይንስ ጽሑፎች ፒ.ቢ. ተብሎ ይታወቃል። ሌላው የጓንት ቆራጭ ነው፤ ኤፍ.ሲ. ይባላል። ሁለቱም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የግራው ጎናቸው ወጣ። ሲነቁ ይናገራሉ፣ ያስባሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ። ግን ከደቂቃዎች በፊት የሆነውን አያስታውሱም። አሁን ያነጋገሩት ሰው ወጥቶ ቢመለስ እንደ አዲስ ነው።

ይህን በጥንቃቄ ያጠናችው ብሬንዳ ሚልነር ናት። በ1950 ገና ተማሪ ሆና ወደ ፔንፊልድ ተቋም መጥታ፣ ሕመምተኞቹን ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ በጥያቄና በስዕል እየፈተነች ትመዘግብ ነበር። ለምንድነው ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እነዚህ ሁለቱ ብቻ የተጎዱት?

ሁለቱ ተነጋግረው አንድ ግምት ላይ ደረሱ። በሱቅ እንመስለው። አንድ ሱቅ ሁለት ሒሳብ ጸሐፊ አለው እንበል። አንዱ ስለሚያስቸግር ባለሱቁ አሰናበተው፤ ሌላው ይበቃል ብሎ ነው። ያ የቀረው ግን ከድሮም ታሞ እስክሪብቶ አንስቶ የማያውቅ ነበር። ማንም ሳያውቅ ሥራውን ሁሉ ይሠራ የነበረው የተባረረው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ አዲስ ነገር የሚጽፍ የለም። የፒ.ቢ. እና የኤፍ.ሲ. ቀኝ ሂፖካምፐስም ከጥንት የሞተ ቢሆንስ?

ግምቱን ማረጋገጥ አልቻሉም። በዚያ ዘመን የነበረው ምስል ራጅ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ አንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች አየር አስገብቶ ራጅ ማንሳት፤ ሕመሙ የማይቻል፣ የሚያሳየው ደግሞ ጥላ ብቻ። ሂፖካምፐስን የሚያህል ትንሽ ነገር ጤነኛ ይሁን የደረቀ የሚያሳይ መሣሪያ ዓለም ላይ አልነበረም።

እዚህ ጋ ነው እኛ ፔንፊልድን የምናከብረው። ስሙ ገናና ነው፤ በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ትልቁን የክብር ኒሻን ሰጥታዋለች። ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን ከሚልነር ጋር ሆኖ የሁለቱን ሰዎች ጉዳት በ1955 ለአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ አቀረበ።

ያንን ያነበበ አንድ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም ደነገጠ። ዊልያም ስኮቪል ይባላል። ከ2 ዓመት በፊት፣ በ1953፣ ሄንሪ ሞሌሶን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የሚጥል በሽታ ሊያድን ብሎ ሂፖካምፐሱን በሁለቱም ጎን አውጥቶበት ነበር። ሕመሙ በጣም ቀነሰ፤ ግን ልጁ አዲስ ነገር ማስታወስ አቆመ። ስኮቪል ለፔንፊልድ ስልክ ደወለ፤ ሚልነርም ባቡር ተሳፍራ ሄንሪን ልታይ ሄደች። በ1957 ጽሑፉ ወጣ፤ ስሙ ተደብቆ ኤች.ኤም. ተባለ። አዲስ ትዝታ ለመያዝ ሂፖካምፐስ የግድ እንደሆነ ዓለም የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ሄንሪ እስከ 2008 ኖረ፤ በእነዚያ 55 ዓመታት ውስጥ ሚልነር በመጣች ቁጥር ለእሱ አዲስ ሰው ነበረች። ስኮቪል ራሱ በኋላ ማንም ሐኪም ሁለቱንም ጎን እንዳይነካ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ፔንፊልድ በ1960 ከተቋሙ ኃላፊነት ወረደ። ቢላዋውን አስቀምጦ ብዕር አነሳ። ከዚያ ቀደም ብሎም እናቱ ጀምራው ያልጨረሰችውን የአብርሃምና የሣራን ታሪክ ልብ ወለድ አድርጎ በ1954 አሳትሟል። በ1960 ደግሞ ስለ ሂፖክራተስ ጻፈ። በዚያ ጥንታዊ ግሪካዊ ሐኪም ስም በሚጠራ ጽሑፍ ውስጥ የሚጥል በሽታ ከሌላው በሽታ የተለየ መንፈሳዊ ነገር እንደሌለው፣ መነሻውም አንጎል እንደሆነ ተጽፏል። የዛሬ 2400 ዓመት ገደማ! እኛ ግን አሁንም እንከራከራለን።

ፔንፊልድ ራሱ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። በእርሻ ቦታው አንድ ቋጥኝ ላይ በአንድ በኩል መንፈስ የሚል የግሪክ ቃል፣ በሌላ በኩል የሰው ጭንቅላት ስሎ በመስመር አገናኝቷቸው ነበር። ሊሞት ወራት ሲቀሩት በብርድ ሄዶ መስመሩን ወደ ነጠብጣብ ቀየረው። መንፈስና አንጎል እንዴት እንደሚገናኙ ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎ እርግጠኛ አልሆነም። በሽታው የአንጎል እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልተጠራጠረም፤ ሁለቱ እምነቶች አልተጋጩበትም።

የፒ.ቢ. ነገርም አልለቀቀውም። ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ። ውጤቱ በ1974 ታተመ፤ ፔንፊልድ ያኔ 83 ዓመቱ ነው። ግምቱ ትክክል ነበር፤ ማንም ያልነካው የቀኙ ሂፖካምፐስ ኮስምኖ ተገኘ። መልሱ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ፤ የተገኘውም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

ፔንፊልድ ኤፕሪል 5 ቀን 1976 ሞንትሪያል ውስጥ በ85 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ የጨረሰው ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነው። ትልቁ ምንጩ ለእናቱ ይልክላት የነበረው ደብዳቤ ነው፤ አንዱንም ሳትጥል አስቀምጣለት ነበር።

ምስሉ ቢላዋውን ቀደመ

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የፒ.ቢ.ን ጥያቄ በሕይወት እያሉ ለመመለስ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የዋዳ ምርመራ ነው። ጁን ዋዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ዘዴውን ወደ ሞንትሪያል ይዞት መጣ። በአንገት የደም ሥር በኩል ማደንዘዣ ይሰጥና የአንጎል አንዱ ጎን ለጥቂት ደቂቃ ይተኛል። በዚያች ደቂቃ የነቃው ጎን ብቻውን ይፈተናል፤ ዕቃ ይታያል፣ ቃል ይነገራል፣ ቆይቶ ይጠየቃል። ካስታወሰ፣ ብቻውን መሥራት ይችላል ማለት ነው። የማስታወሱን ክፍል የጨመሩበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚልነርና ባልደረቦቿ ናቸው። ጥሩ ነው፤ ግን የደም ሥር ውስጥ ቱቦ ማስገባት አደጋ አለው።

ቀጥሎ ኤምአርአይ መጣ። ፔንፊልድ ያላየው ያ ትንሽ ክፍል አሁን በግልጽ ይታያል፤ በግራ ስንት ነው፣ በቀኝ ስንት ነው፣ የትኛው ኮስምኗል። የሚወጣው ጎን ኮስምኖ ሌላው ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ትንሽ ይረጋጋል። የሚወጣው ጎን ጤነኛ መስሎ ከታየ ግን ሥጋት አለ፤ እስከዛሬ ሥራውን የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። በተለይ የግራው ጎን ከቃልና ከስም ጋር ስለሚያያዝ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ።

በ1990 ሴጂ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የያዘ ደም ይበልጥ ይሄድለታል፤ ማሽኑ ያንን ለውጥ ያነባል። ፈንክሽናል ኤምአርአይ ይሉታል። ሕመምተኛው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ቃላት ይሰማል፣ ፎቶ ያያል። አንዳንድ ቦታ በደንብ የሚያውቀውን ሰፈር በሐሳቡ እንዲዞር ይደረጋል። ለአንዳችን ቢሆን ከአንዋር መስጊድ ተነስቶ በራጉኤል አድርጎ አውቶቡስ ተራ ድረስ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ እያሰበ እንደመሄድ ነው። በዚያች ሰዓት የትኛው ጎን እንደሚሠራ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የራስ ቅል አይከፈት፣ ደም ሥር አይነካ። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ጥገና በኋላ የቃል ማስታወስ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ለመገመት ይህ ምርመራ ሊጠቅም እንደሚችል አስቀምጧል።

ምስሉ ብቻውን ግን አይወስንም። ኢኢጂው አለ፣ እንደ ሚልነር በወረቀት የሚፈትን ባለሙያ አለ። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ አለ፤ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ምን ማጣት እንደማይችል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ፔንፊልድ ሰውየውን ነቅቶ እያለ ይጠይቀው እንደነበር አትርሱ።

እኛስ ጋ?

በ1990 በታተመ ጥናት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ፣ ቤት ለቤት ዞረው ቆጠሩ። ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አገኙ። ዘመናዊ መድኃኒት የደረሳቸው ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። መርካቶ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ቤተሰቦቻችን ከዚያ አካባቢ የመጡት?

እውነቱን እንነጋገር፤ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ፔንፊልድም ቀዶ ጥገናም አያስፈልጋቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ10 ሰዎች እስከ 7 የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ነው፤ እኛ ሀገር በስፋት የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ደግሞ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ኪኒኑን ግን አያቁም። በድንገት ማቆም ሕመሙን ያብሳል፣ ሊገድልም ይችላል።

መድኃኒት በአግባቡ ወስደው ያልተሻላቸው ደግሞ አሉ። የእነሱ ሐኪም ኢኢጂ ወይም ኤምአርአይ ሲያዝ የብር ማውጫ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከላይ እንዳነበባችሁት ያ ምስል በስንት ሰው ትዝታ የተገዛ ነው።

እስከዚያው ሁላችንም ማድረግ የምንችለው ነገር አለ። መንገድ ላይ ሰው ሲጥለው ካያችሁ፦

ክብሪት አታሽትቱት፤ ምንም አይጠቅምም፣ ያቃጥለዋል።

አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ምላሱን አይውጠውም፤ ጥርሱን ግን ልትሰብሩት ትችላላችሁ።

እጅና እግሩን ጠፍራችሁ አትያዙት። ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ነገር አድርጉ።

መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት።

ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ስልካችሁን ለቪዲዮ አታውጡት፤ ሰዓቱን ለማየት ብቻ።

ሲነቃ ለጥቂት ደቂቃ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። አጠገቡ ሁኑና ስሙን፣ ቦታውን በቀስታ ንገሩት።

ቤታችሁ ወይም ሱቃችሁ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ቸር እንሰንብት!